ከወገብ በላይ በእግር

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትድከሙ። ከተራራው ማዶ ነው የሚሉ አሉ፤ ከተራራው ወዲህ ነው የሚሉም አሉ፤ እዚያ ኖሬአለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ግን እስካሁን አልተገኘም። የሚታወቀው አገሩ ገደል ላይ መሠራቱ ነው። ሰዎቹም ገደሉን እንደ ሰው አካል ከፋፍለው ስም አውጥተውለት ነበር። መኖሪያ ቤቶቹ፣ ቤተ መንግሥቱና ጉሙ ያሉበት የላይኛው ጫፍ አናት ይባላል። ፍል ውሃው፣ ገበያውና እርሻው ያሉበት የታችኛው ጫፍ ቁርጭምጭሚት ነው። በመካከል ጉልበትና ወገብ አሉ። ከወገብ እስከ አናት ያለው አቀበት ፍየል እንኳ ቆም ብላ የምታስብበት ነው።

በዚህ አገር ሰው ሁለት ዘመን አለው፤ የትከሻ ዘመንና የጀርባ ዘመን። ለሥራ የደረሰ ሁሉ በትከሻ ዘመኑ አረጋውያንን በሰፊ አንቀልባ አዝሎ ወደ ፍል ውሃው ያወርዳል፤ ታጥበው፣ ገበያቸውን ገብይተው ሲጨርሱ መልሶ ወደ አናት ያወጣቸዋል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ ይስቅ ነበር። እዚያ ግን ሕፃን በክንድ ነው የሚያዘው፤ አንቀልባ የአረጋዊ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በውሃ መንካት በዓል ዕለት፣ አንድ ሽማግሌ የተሸካሚዎችን ትከሻ በአውራ ጣቱ ይጫናል። ትከሻው ደንድኖ ሕመም ያልተሰማው ሰው «ትከሻህ ሞልቷል» ይባላል፤ ሴቶች እልል ይሉለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቀልባው ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። ስለዚህ ነገር ማንም ከማንም ጋር ውል አልተዋዋለም፤ ልጅ አባቱን ሲያዝል እያየ ያደገ ሰው ውል አይጠይቅም ነበር።

ይርሳው የንጉሡ ጆሮ ነበር። ይህ ስድብ አይደለም፣ ሹመት ነው። ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ መንገደኛው የሚለውን ይሰማና በማግስቱ ጠዋት ለንጉሡ ያደርሳል። ማየት መስማትን ያበላሻል የሚል ደንብ ስላለ በሥራ ላይ ሳለ ዐይኑን በጥቁር ሻሽ ያስራል። ለንጉሡ የሚነገረው በሰው አፍ የተባለ ቃል ብቻ ነው፤ «መሰለኝ» የሚል ጆሮ ይገረፋል። ድሮ የንጉሡ ዐይን የሚባል ሹመትም ነበር አሉ። የመጨረሻው ባለሹመት ያየውን ተናገረና ቦታው ክፍት ሆኖ ቀረ።

ሌላም ደንብ ነበር። ሹም የሆነ ሰው ጀርባውን ለንጉሥ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሌላ ሰው አያዝልም። ንጉሡ ደግሞ በወንበራቸው ላይ ሆነው ስምንት ጎበዛዝት ስለሚሸከሟቸው የሹም ጀርባ ጠይቀው አያውቁም። ስለዚህ የሹሞች ጀርባ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ፈት ነበር። የይርሳውን እናት ትርንጎን የምታዝላት ስንዱ የምትባል ጎረቤት ነበረች፤ ትከሻዋ ሊሞላ አንድ በዓል የቀራት፣ ሳቋ ከጉልበት እስከ አናት የሚሰማ ሴት። ይርሳው ሻሹን አስሮ ተቀምጦ እናቱ በሰው ጀርባ ስታልፍ ድምጿን ይሰማና ልቡ ይረጋል።

ነገሩ የተበላሸው ንጉሡ ሰገነት ያማራቸው ጊዜ ነው። ከአናት ጫፍ ላይ ቆመው ሜዳውን የሚያዩበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት ሰገነት። ለሰገነቱ የሚሆነው ቀይ ድንጋይ ያለው ቁርጭምጭሚት ስለሆነ ትከሻ ያስፈልጋል። ትከሻ ሁሉ ደግሞ በሽማግሌና በአሮጊት ተይዟል። የተሸካሚዎቹ አዛዥ፣ የትከሻ ሹሙ፣ ይህን ሲያስብ ከርሞ አንድ መላ አመጣ፤ መላውም በነጋሪት ታወጀ።

«አረጋውያን ሁልጊዜ በመታዘላቸው ጉልበታቸው ተኝቷል። ንጉሡ ይህን አይተው እጅግ አዝነዋል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የትከሻ ዘመኑን የጨረሰ ሁሉ ወደ ታች ሲወርድ እንደ ቀድሞው ይታዘላል። ወደ ላይ ሲመለስ እስከ ወገብ ይታዘላል፤ ከወገብ በላይ በእግሩ ይወጣል። ይህም የጉልበት ማንቂያ ሕግ ይባላል። ስለ ንጉሡ ርኅራኄ ምስጋና ይገባል።»

ምስጋናውም ቀረበ፤ አመስጋኞች ደመወዝተኞች ነበሩና።

የይርሳው እናት አዋጁን ስትሰማ ሳቀች። «ጉልበቴን ሊያነቁት ነው? እኔን ቢጠይቁኝ እኮ ተኝቶ ሳይሆን ሞቶ ነው እላቸው ነበር» አለች። ይርሳው ግን አልሳቀም።

ትርንጎ ፍል ውሃውን ትታ አናት ላይ ልትቀመጥ ሞክራ ነበር። ጉሙና ብርዱ መገጣጠሚያዋን ቆልፎ ሲይዛት ግን የግዷን ወረደች። ስንዱ እስከ ወገብ አዝላ መለሰቻትና ሕጉ እንደሚያዘው እዚያ አውርዳት፣ ለሰገነቱ ድንጋይ ልትሸከም ወደ ታች ተመለሰች። ትርንጎ አቀበቱን ጀመረችው፤ ጥቂት ወጣች፤ ከዚያ በቂጧ እየተንሸራተተች ተመለሰች። በማግስቱም ሞከረች። በሦስተኛው ተወችው። ወገብ ላይ ወደ ፊት የወጣ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ እሱ ሥር ተጠለለች። እዚያ የደረሰች የመጀመሪያዋ እሷ አልነበረችም። እያደር ድንጋዩ ሥር መቀመጫ ጠፋ፤ ቦታ ያጣው የሌላውን ጉልበት ተደግፎ ያድር ጀመር። የትከሻ ሹሙ መጥቶ ጎበኛቸውና ቦታውን «የዕረፍት ሰፈር» ብሎ ሰየመው፤ አንድም አረጋዊ አቤቱታ አላቀረበም ብሎ ለንጉሡ ተናገረ። እውነቱን ነው፤ አቤቱታ የሚቀርበው አናት ላይ ነበር።

ይርሳው ከዚያ ወዲህ መስሚያ ቦታውን ወደ ወገብ አዛወረ። ሻሹን አስሮ ሲቀመጥ የእናቱን ሳል ከሌላው ሳል ለይቶ ያውቃል።

«በልተሻል እማዬ?» ይላታል ወደ ድምጿ ዞሮ።

«በልቻለሁ። ስንዱ ቆሎ አቀበለችኝ። አንተ ሥራህን ሥራ፣ ሰው ያይሃል።»

«ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር አደርጋለሁ።»

«ምን ታደርጋለህ? ጀርባህ እንደሆን የኔ አይደለም» ትለዋለች፤ በቁጣ አይደለም፣ እንደ ዋዛ ነው። እሱን የሚያንገበግበውም ይኸው ዋዛዋ ነበር። ክረምት ሲገባ ከድንጋዩ ጎን ጎርፍ እንደሚወርድ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አያነሡትም።

ያን ሰሞን ይርሳውን ሌላ ነገር ያስጨንቀው ጀመር። ተሸካሚዎቹ ዝም አሉ። ድሮ መንገዱ ገበያ ነበር፤ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ያዘለው ሽማግሌ ከበደኝ ብሎ ያሾፋል፣ ሽማግሌው ደግሞ በከዘራው ጭንቅላቱን ነካ ያደርገዋል። አሁን የሚሰማው ትንፋሽና የሚንከባለል ጠጠር ብቻ ሆነ። የሰገነቱ ድንጋይ እያለፈ ነው፣ አረጋውያን እያለፉ ነው፤ ቃል ግን የለም። ይርሳው ጠዋት ጠዋት በአንድ እጁ አፉን ከልሎ፣ ደንቡ እንደሚያዘው ጆሮውን ወደ ንጉሡ አዙሮ ይቆማል።

«ምን ተሰማ?»

«ምንም አልተሰማም፣ ንጉሥ ሆይ።»

«እሰይ» ይላሉ ንጉሡ። «ሕዝባችን ረክቷል ማለት ነው።»

የትከሻ ሹሙም ዐይኑን በጨው አጥቦ «ከጠበቅነው በላይ ነው የረካው» ይላል።

አንድ ቀን ይርሳው መታገሥ አቃተውና ወገብ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሻሹን በአውራ ጣቱ ከፍ አደረገው። ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው ይሆናል ብሎ ነበር የጠበቀው፤ እነሱ ግን ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ይወያያሉ፣ አንዳንዱም ያንቀላፋል። ያስደነገጡት ወጣቶቹ ናቸው። እያንዳንዱ ተሸካሚ ያዘለውን ሰው በቀስታ ያወርዳል፣ ጉልበቱን ይስማል፣ ባዶውን አንቀልባ ያጣጥፋል፤ ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ሜዳው ያያል። ከቁርጭምጭሚት ባሻገር ወዳለው፣ ዳገት ወደሌለበት ሜዳ። አንዱ አይቶ ሲሄድ ሌላው ይተካል። እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም፤ የሚያዩት ግን አንድ ቦታ ነው።

ስንዱ በአጠገቡ ስታልፍ ሻሹ መነሣቱን አየች።

«ስንዱ፣ ምን አስባችኋል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጋሼ ይርሳው፣ ሻሽዎን ይሰሩ» አለችው። «ሰው ያይዎታል።»

ሳቋ አልነበረም።

በማግስቱ ንጉሡ ፊት ቆመ። የአቀበት ሹሙና የቁልቁለት ሹሙም ግራና ቀኝ ቆመው ነበር፤ የሥራ ክልላቸው ስለሚለያይ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም።

«ምን ተሰማ?» አሉ ንጉሡ።

«የተሰማ የለም፣ ንጉሥ ሆይ። ያስፈራኝም እሱ ነው።»

ንጉሡ ፊታቸውን አጠቆሩ። ይርሳው ከጀመረው ወዲያ መመለስ አልቻለም። «ተሸካሚዎቹ አይዘፍኑም፣ አይሳደቡም። ድሮ አቀበቱን እንኳ ይረግሙት ነበር፤ አሁን እሱንም ትተውታል። አንቀልባቸውን አጣጥፈው ወደ ሜዳው ያያሉ።»

የትከሻ ሹሙ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ያያሉ? ማየታቸውን በምን ሰማኸው?»

ንጉሡን ግን ነገሩ ወደ ሌላ ወስዷቸው ነበር። «ሽማግሌዎቹ ሊያምፁብን ነው የምትለው?» አሉት። «በምናቸው? በከዘራቸው?» ሹሞቹ ሳቁ።

«ሽማግሌዎቹ አይደሉም፣ ንጉሥ ሆይ። ወጣቶቹ ናቸው።»

«ሕጉ እኮ ስለ ወጣት አንዲት ቃል አይልም» አለ የትከሻ ሹሙ። «ወጣት በዚህ ሕግ አልተነካም። እንዲያውም ሸክሙ በግማሽ ቀሎለታል። ይህ ጆሮ ሊያመሰግኑን የሚገባቸውን ሰዎች ነው የሚከስብን።»

ለንጉሡ ይህ ቀና ነገር መሰላቸው። ይርሳው ጆሮ ሆኖ በማየቱ ሊገረፍ ይገባ ነበር፤ በዓሉ ስለደረሰ ተማረና ሁለተኛ ሻሽ ብቻ ተጨመረበት። ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት።

የውሃ መንካት በዓል ደረሰ። ንጉሥ በዚያ ዕለት በወንበሩ ወርዶ ፍል ውሃውን በጣቱ መንካት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም አናት ላይ መገኘት አለበት። ሳይመለስ ፀሐይ ከጠለቀች ዙፋኑ ባለቤት የለውም። ንጉሡ ብዙ በዓል አክብረዋል፤ ዘግይተው አያውቁም። በዓሉ ሲያልፍ ክረምት ይገባል።

ስምንቱ ተሸካሚዎች ንጋት ላይ በሰዓታቸው መጡ። ወንበሩን አነሡ። እንደዚያ ያለ ጥንቁቅ አሸካከም ታይቶ አይታወቅም ነበር፤ ንጉሡ መንገድ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ይርሳው በሁለት ሻሽ ታስሮ፣ የአንዱን ሹም ቀሚስ ይዞ ከኋላ ይወርዳል። ወገብ ሲደርሱ ጆሮውን አቀና። ያ ሁሉ ሳል፣ ያ ሁሉ ማጉረምረም የለም። አንድ ሳል ብቻ ተሰማ፤ የእናቱ። ምነው ብቻዋን ሆነች ብሎ ሊቆም ፈለገ፤ ቀሚሱ ጎተተው።

ቁርጭምጭሚት ደርሰው ወንበሩ ተቀመጠ። ንጉሡ ውሃውን ነኩ፤ እልልታ ግን አልተሰማም። ትከሻ የሚጫነው ሽማግሌ ወደ ፊት ወጣና «ትከሻው የሞላ ይምጣ!» ብሎ ተጣራ። ማንም አልመጣም። ሽማግሌው ደግሞ ተጣራ። ይርሳው በቃኝ አለና ሁለቱንም ሻሽ ከዐይኑ ገፎ ጣለ።

ሜዳው ዳር ላይ የአገሩ ትከሻ ሁሉ ቆሞ ነበር። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን አዝለዋል። ወገብ ላይ የከረሙት ሽማግሌዎች፣ አሮጊቶች፣ እዚያ አንቀልባ ውስጥ ናቸው፤ ንጉሡ ሳይነሡ በፊት ገና ጎህ ሳይቀድ አውርደዋቸው ነበር።

ሽማግሌው ስንዱን አያት። «ነይ እንጂ ልጄ። አንቺማ ዘንድሮ ይሞላልሻል፣ አውቃለሁ።»

«የኔን አይጫኑት አባባ» አለች ስንዱ። «ቢሞላስ? እማማ ትርንጎን ወገብ ላይ አውርጂ አሉኝ፣ አወረድኩ። የኔ ጊዜ ሲደርስ ጉልበት ላይ አውርዷት ይላሉ። የልጄ ጊዜ ደግሞ እዚሁ ውሃው ዳር። ድንጋይ እንደሆነ አያልቅባቸውም።»

«ሴትዮ!» አለ የትከሻ ሹሙ። «በሕጉ አንቺ አልተነካሽም!»

ስምንቱ ተሸካሚዎች ወንበሩን ትተው ወደ ሰዎቻቸው ሄዱ። አልተጣደፉም፤ የሚከለክላቸውም አልነበረም፤ የአገሩ ጠባቂዎችም የትከሻ ሰዎች ነበሩና ከእነሱ ጋር ናቸው። ስንዱ በይርሳው አጠገብ ስታልፍ ቆም አለች።

«እማማ ትርንጎን ልናመጣቸው ለምነን ነበር» አለችው። «ልጄ ይመጣል ብለው እምቢ አሉን።»

ይርሳው ቀና ብሎ ወደ ወገብ አየ፤ ደመና ከላይ እየወረደ ነው።

ሹሞቹ መሃል ጭቅጭቅ ተነሥቶ ነበር። «ማውረዱ የኔ ነበር፣ በሰላም አውርጃለሁ» ይላል የቁልቁለት ሹሙ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የአቀበት ሹሙን ማነጋገሩ ነው። «ሰው ስጠኝና ላውጣቸው» ይላል የአቀበት ሹሙ። የትከሻ ሹሙ ራሱ ወንበሩን በአንድ ወገን ሊያነሣ ሞከረና ወገቡን ይዞ ቀረ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። ንጉሡ ከሹም ወደ ሹም አዩ፤ ሁሉም ሽበታም፣ ሁሉም ለስላሳ ነው። ዐይናቸው ይርሳው ላይ አረፈ።

«አንተ ደህና ነህ። ና፣ ጎንበስ በል» አሉት። «ጀርባህ የኛ ነው።»

ይርሳው ዕድሜውን ሙሉ ይህን ትእዛዝ ሲፈራ ኖሯል። አሁን ሲመጣ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ድካም ተሰማው። «ንጉሥ ሆይ፣ አንድ ጀርባ ነው ያለኝ» አለ። «እናቴ ወገብ ላይ ናት፤ ከዚያ በላይ መውጣት አትችልም።»

«እናትህ በሕጉ መሠረት በእግሯ ትውጣ!»

«ሕጉ የትከሻ ዘመኑን ስለ ጨረሰ ሁሉ ነው የሚለው» አለ ይርሳው። «እርስዎም ጉልበትዎን ያንቁ።» አፉ እንዲህ ሲል እሱ ራሱ ደነገጠ። ሰይፍ ይመዘዝብኛል ብሎ ጠበቀ። የሚመዝ አልነበረም። ንጉሡ ወንበራቸው ላይ አንድ ሽማግሌ ሰው ሆነው ቁጭ ብለዋል። ይርሳው አዘነላቸው፤ ቢሆንም ጀርባውን አዙሮ ወደ ላይ ሮጠ።

ወገብ ሲደርስ ትንፋሹ ከዳው። ድንጋዩ ሥር እናቱ ብቻዋን ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ዙሪያዋ ሰው የለቀቀው ቦታ ብቻ፣ የተተወ ምርኩዝ ብቻ። የመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል።

«መጣህ» አለች።

«ለምን ከስንዱ ጋር አልሄድሽም?»

«ልጅ ያለኝ ሰው ነኛ።» ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሲሰጣት ግን አመነታች። «ንጉሡስ?»

«ታች ናቸው።»

«ማን ሊያወጣቸው ነው?»

«እንጃ እማዬ።»

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀችና ትከሻውን ይዛ ተሰቀለች። ትከብደኛለች ብሎ ነበር የፈራው፤ የአጥንት ያህል ቀልላለች። እሱ ግን አዝሎ አያውቅምና እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ቆሞ ወደ ላይ አየ። አናት ላይ ከአንድም ቤት ጭስ አይወጣም፤ ያለቀው የሰገነቱ ግማሽ በጉሙ ውስጥ ቀልቶ ይታያል። ቤታቸው እዚያ ነው፤ ውሃ የሚያመጣ፣ እንጨት የሚያወጣ ሰው ግን የለም። ወደ ታች አየ። ሜዳው ላይ የሚሄደው ሕዝብ እየራቀ ነው፤ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ደርሰው ማን እንደሚቀበላቸው እነሱም አያውቁት ይሆናል።

ወደ ታች ዞረ። እንድትመቸው ከፍ አደረጋትና በዝናቡ መውረድ ጀመረ። ያንቀላፋች መስሎት ነበር።

«ይርሳው» አለችው በጆሮው።

«ወይ እማዬ።»

«አንተንስ ስታረጅ ማን ያዝልሃል?»

እጆቿ አንገቱ ላይ ሲጠብቁ ተሰማው፤ እግሩን እየመረጠ ወረደ።